ዌልተር ሚዛን ስንት ኪሎ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ስለ ቦክስ ሚዛን የተጻፉትን አንድ ላይ አሰባስበናል። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ምድብ ነው፤ ስለ ዌልተር። ከቁጥሩ እንጀምርና ወደ ቁጥሩ ለመድረስ ቦክሰኞች በገዛ ሰውነታቸው ላይ ወደሚያደርጉት እንሻገራለን። ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ሚዛን ላይ የሚነበበው የአንዲት ደቂቃ ክብደት ነው፤ ቦክሰኛው ቡጢ የሚሰነዝረውም የሚቀበለውም ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የቦክስ ግጥሚያ ስንከታተል “ዌልተር” የሚለውን ስም ደጋግመን እንሰማለን። ጓደኞቼ አንዱ 66.7 ኪሎ፣ አንዱ 67፣ ሌላው 69 ነው ይላሉ። ትክክሉ የቱ ነው? ቁጥሩስ ለምን ድፍን አልሆነም? (ከደሴ)

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ናቸው። ክርክሩ የመጣው የትኛው ቦክስና የትኛው ዘመን እንደሆነ ሳይጠቀስ ስለቀረ ነው።

በፕሮፌሽናል ቦክስ ዌልተር የሚባለው ከ140 ፓውንድ በላይ እስከ 147 ፓውንድ ያለው ክብደት ነው። በኪሎ ሲመነዘር ከ63.5 በላይ እስከ 66.68 ይሆናል። ጥብቅ የሆነው የላይኛው ወሰን ነው። 147 ድፍን የመዘነ ሰው አልፏል፤ ሩብ ፓውንድ የጨመረ ወድቋል። በታችኛው በኩል ቀለል ያለ ቦክሰኛ ከፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ መግጠም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላስ ቬጋስ ላይ ማኒ ፓኪያው ከፍሎይድ ሜይዌዘር ጋር ለዌልተር የሻምፒዮንነት ቀበቶ ሲገጥም የመዘነው 145 ፓውንድ፣ ሜይዌዘር ደግሞ 146 ነበር።

147 የሚለው ቁጥር የእንግሊዞች ነው። እነሱ የሰው ክብደት የሚለኩት በ“ስቶን” ሲሆን አንድ ስቶን 14 ፓውንድ ነው። አሥር ተኩል ስቶን ሲባዛ 147 ፓውንድ ይመጣል። የለንደኑ ናሽናል ስፖርቲንግ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1909 ስምንት ሚዛኖችን ሲደነግግ ለዌልተር የሰጠው ልክ ይህ ነበር። ከሌሎቹ ሚዛኖችም ፍላይ ስምንት ስቶን ወይም 112 ፓውንድ፣ ፌዘር ዘጠኝ ስቶን ወይም 126፣ ላይት ሄቪ አሥራ ሁለት ተኩል ስቶን ወይም 175 የሆኑት በዚሁ ስሌት ነው። ከዚያ በፊት የዌልተር ልክ አንዴ 142፣ አንዴ 145 ፓውንድ እየተባለ ይዋዥቅ ነበር። ስሙ የተወሰደው ከፈረስ ግልቢያ ነው፤ ከበድ ያለውን ጋላቢ እንግሊዞች ዌልተር ይሉት ነበር።

አማተር ቦክስ የሚለካው በኪሎ ነው። በኦሊምፒክ ዌልተር እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 2000 ድረስ 67 ኪሎ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ በኦሊምፒክ ቦክስ ያላትን ብቸኛ ወርቅ ያገኘችው በዚህ ሚዛን ነው፤ ሮበርት ዋንጊላ በ1988 ሴኡል ላይ ፈረንሳዊውን ሎራን ቡድዋኒን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ ወሰደው። ከ2004 ጀምሮ ወሰኑ 69 ኪሎ ሆነ። በ2024 ፓሪስ ላይ የወንዶቹ ምድብ ከ63.5 በቀጥታ ወደ 71 ተሻገረ። ተፈጥሮ 67 ኪሎ ለሰጠችው ወጣት ይህ አስቸጋሪ ነበር፤ ወይ ከ3 ኪሎ በላይ መጣል፣ ወይ 4 ኪሎ ከሚበልጡት ጋር መግጠም ነበረበት። ዌልተር የሚለው ስም የቀረው በሴቶቹ 66 ኪሎ ላይ ሲሆን ወርቁን የአልጄሪያዋ ኢማን ኸሊፍ አግኝታለች። ወርልድ ቦክሲንግ የተባለው አዲሱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በሚጠቀምበት የአዋቂዎች ዝርዝር ደግሞ ዌልተር ለወንድም ለሴትም 65 ኪሎ ነው።

ስለዚህ ውድድር የሚመዘገብ ቦክሰኛ “ዌልተር ነኝ” ብሎ መተው የለበትም። ውድድሩ በየትኛው ዝርዝር እንደሚካሄድ ጠይቆ በኪሎ ቁጥሩ ይመዝገብ። በስም ብቻ ተመዝግቦ ሚዛን ላይ ሲቆም ወሰኑ ከጠበቀው አራት ኪሎ ዝቅ ብሎ የሚያገኘው ሰው የሚያርምበት ጊዜ አይኖረውም።

ጥያቄ፦ ጁኒየር ዌልተር፣ ላይት ዌልተር፣ ሱፐር ዌልተር፣ ሱፐር ላይት ይባላል። የትኛው ከየትኛው ይከብዳል? ቤት ውስጥ ከልጆቼ ጋር ሁልጊዜ እንከራከርበታለን። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አንድ ደንብ ከያዙ ክርክሩ ያበቃል። “ሱፐር” የሚል ቅጥያ ያለው ምድብ ስሙን ከተዋሰው ምድብ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። “ጁኒየር” ወይም “ላይት” የሚል ያለው ደግሞ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል።

በዚህ መሠረት ዌልተር 147 ፓውንድ ነው። ከሥሩ ያለው የ140 ፓውንድ ምድብ ሦስት ስም አለው። የዓለም ቀበቶ ከሚሰጡት አራት ድርጅቶች ደብልዩቢሲና ደብልዩቢኤ ሱፐር ላይት ይሉታል፤ የ135 ፓውንዱ ላይት ታላቅ ነውና። አይቢኤፍና ደብልዩቢኦ ጁኒየር ዌልተር ይሉታል፤ የ147ቱ ታናሽ ነውና። በአማተርና በእንግሊዝ ላይት ዌልተር ይባላል። ሦስቱም አንድ ሚዛን ናቸው። ከዌልተር በላይ ያለው የ154 ፓውንድ ምድብም እንደዚሁ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ድርጅቶች ሱፐር ዌልተር፣ ለሌሎቹ ሁለት ጁኒየር ሚድል፣ ለእንግሊዞች ላይት ሚድል ነው። በኪሎ 140 ፓውንድ 63.5፣ 154 ደግሞ 69.85 ነው።

ጁኒየር ዌልተርና ሱፐር ዌልተር ስማቸው ይቀራረባል፤ በመካከላቸው ግን 14 ፓውንድ፣ ማለትም 6.35 ኪሎ አለ። ስሕተቱ በብዛት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ጁኒየር ሲባል የወጣቶች ውድድር የሚመስላቸውም አሉ፤ በፕሮፌሽናል ቦክስ ቃሉ ከዕድሜ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ሚዛን ለምን ይህን ያህል ይወራል? ከባድ ሚዛን አይበልጥም ወይ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በገንዘብና በዝና ከባድ ሚዛን ብዙ ጊዜ ይቀድማል። ቦክስን በቅርብ የሚከታተል ሰው ግን ዌልተርን የሚወድበት ምክንያት አለው። በዚህ ክብደት ላይ ያለ ሰው አንዲት ቡጢ ግጥሚያ የምትጨርስበት ኃይል አለው፤ እግሩና እጁ ግን ገና አልከበዱም። 12 ዙር ሙሉ በፍጥነት ሊንቀሳቀስ ይችላል። ደግሞም በዚህ ክብደት ዙሪያ ያለ ጎልማሳ በዓለም ላይ ብዙ ስለሆነ ፉክክሩ ሰፊ ነው።

ታሪኩም ይመሰክራል። ሄንሪ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1938 የፌዘር፣ የላይትና የዌልተር ቀበቶዎችን በአንድ ጊዜ ይዞ ነበር። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ከ1946 እስከ 1951 የዌልተር ሻምፒዮን ነበር። “ፓውንድ ለፓውንድ ምርጡ” የሚለው አባባል ከማንም በላይ የተነገረው ለእሱ ነው፤ የሁሉም ክብደት እኩል ቢሆን ኖሮ አንደኛ የሚሆነው እሱ ነው ማለት ነው። የ1981ዱ የሹገር ሬይ ሌናርድና የቶማስ ኸርንስ ፍልሚያም በዚሁ ሚዛን የተካሄደ ነው። ከአፍሪካ ጋናዊው አይክ ኳርቴ ከ1994 ጀምሮ የደብልዩቢኤን ቀበቶ ለዓመታት ይዟል። ቴረንስ ክሮፎርድ በ2023 ኤሮል ስፔንስን በዘጠነኛው ዙር አሸንፎ አራቱንም የዌልተር ቀበቶዎች ጠቀለለ፤ በ2025 ደግሞ እስከ 168 ፓውንድ ወጥቶ ካኔሎ አልቫሬዝን አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቦክሰኞች እኩል መዝነው በማግስቱ ሪንግ ውስጥ ሲገቡ አንደኛው በግልጽ ገዝፎ ይታያል። ማጭበርበር አይደለም ወይ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዓይንዎ አልተሳሳተም፤ ሕጉ ግን ይፈቅደዋል። ፕሮፌሽናል ቦክሰኞች በአብዛኛው የሚመዘኑት ግጥሚያው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ድሮ የሚመዘኑት በዕለቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋር ሲጋጠም በደረሰበት የአንጎል ጉዳት ከሞተ በኋላ ቦክስ ብዙ ደንቦቹን አሻሻለ፤ 15 ዙር ወደ 12 ወረደ፤ በዚያው አሥርት ዓመት ሚዛኑም ወደ ዋዜማው እየተሻገረ መጣ። የታሰበው ቦክሰኛው የደረቀ ሰውነቱን መልሶ እንዲያጠጣ ነው። ነገር ግን ጊዜው ሲሰጥ ብዙዎች የበለጠ ማድረቅ ጀመሩ። 147 ፓውንድ የመዘነ ሰው በማግስቱ 160 ሆኖ ሊገባ ይችላል፤ ይህ 6 ኪሎ ገደማ ጭማሪ ነው።

አይቢኤፍ ይህን ለመግታት በቀበቶ ግጥሚያዎቹ በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ሁለተኛ ሚዛን ያደርጋል። ቦክሰኛው ከምድቡ ወሰን ከ10 ፓውንድ በላይ መጨመር አይችልም፤ ለዌልተር ጣሪያው 157 ይሆናል ማለት ነው። ደብልዩቢሲ በበኩሉ ከግጥሚያው 30 ቀን በፊት ቦክሰኛው ከወሰኑ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ይቆጣጠራል። ከዚህም ሌላ ሁለቱ ወገኖች በውላቸው ላይ የራሳቸውን ልክ ሊያስገቡ ይችላሉ። ለምሳሌ ፓኪያውና ሚጌል ኮቶ በ2009 ለዌልተር ቀበቶ የተጋጠሙት በ147 ሳይሆን በ145 ተስማምተው ነው። እንዲህ ያለው የስምምነት ክብደት ካችዌይት ይባላል።

በእኛ እምነት የአይቢኤፍ መንገድ ይሻላል። የሁለተኛው ቀን ጣሪያ የታወቀ እንደሆነ ከአቅም በላይ የማድረቅ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ቦክስ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ክብደቱ 70.5 ኪሎ ነው። በ65 ኪሎ ይግጠም ስለተባለ በሦስት ሳምንት ሊያወርድ ፕላስቲክ ለብሶ ይሮጣል፣ ማታ ውሃ አይጠጣም። ከንፈሩ ደርቋል፣ ይነጫነጫል። ልከልክለው ወይስ ልተወው? (አንዲት እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እናታችን፣ ፕላስቲኩን ዛሬውኑ ያስወልቁት፤ ውሃውንም ዛሬውኑ ያጠጡት። ስፖርቱን መከልከል አያስፈልግም። መቆም ያለበት በ65 ኪሎ የመግጠሙ ሐሳብ ነው።

ከ70.5 ወደ 65 ለመውረድ 5.5 ኪሎ መጣል ያስፈልጋል፤ ይህ ከጠቅላላ ክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ለትልቅ ሰው እንኳ ተገቢው ፍጥነት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሆነ በሦስት ሳምንት ከ1.5 ኪሎ ብዙም አያልፍም። የቀረው 4 ኪሎ ስብ ሊሆን አይችልም፤ ውሃና ጡንቻ ነው። ልጅዎ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነት አጥንትና ጡንቻ የሚሠራበትን ምግብ መንፈግ በአንድ ውድድር ሜዳሊያ የሚካካስ አይደለም።

ፕላስቲክ ለብሶ መሮጥ ስብ አያቀልጥም። ፕላስቲኩ ላቡ እንዳይተን ስለሚያግደው ቆዳው መቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ የሰውነት ሙቀት ይወጣል፣ ላቡ ይበዛል፣ ሚዛኑ ይቀንሳል። የቀነሰው ውሃ ሲጠጣ ይመለሳል፤ ካልጠጣ ደግሞ ደሙ ይወፍራል። ልብ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ኩላሊት ይጨነቃል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርት ተወዳዳሪዎች ለሚዛን ሲሉ ሰውነታቸውን በሙቀትና በላብ ሲያደርቁ ሕይወታቸው አልፏል። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ፕላስቲክ ልብስንና ሳውናን ለክብደት መቀነሻ እንዳይውሉ ከለከለ።

በቦክስ ሌላም አደጋ አለ። ሐኪሞች ሰውነቱ የደረቀ ሰው ጭንቅላቱ ሲመታ የባሰ ጉዳት እንዳይደርስበት ይሰጋሉ። በደከመ ጊዜም እጁ ይወርዳል፣ መከላከሉ ይዘገያል፤ ባልደረቀ ጊዜ የሚያመልጠውን ቡጢ ይቀበላል።

አሰልጣኙን ሲያነጋግሩ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የመጀመሪያው፣ ውድድሩ ለዕድሜው የተዘጋጀ የሚዛን ዝርዝር አለው ወይ? የታዳጊዎችና የወጣቶች ምድብ ከአዋቂዎቹ ሊለይ ስለሚችል ለ70.5 ኪሎ የሚቀርበው ወሰን ከ65 ሌላ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ባለው የላይኛው ምድብ ቢመዘገብ ምን ችግር አለው? በአዋቂዎቹ ዝርዝር ቀጣዩ 70 ኪሎ ነው፤ ግማሽ ኪሎ በሦስት ሳምንት ያለ ምንም ጭንቀት ይወርዳል። ሦስተኛው፣ ክለቡ የልጁን ክብደት በየሳምንቱ ይመዘግባል ወይ? ካልመዘገበ እርስዎ ቤት ውስጥ ይመዝግቡ። በአንድ ሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ከወረደ የወረደው ውሃ ነው ብለው ይጠርጥሩ።

ሲነሳ ካዞረው ልምምዱን አቁሞ በጥላ ሥር ይረፍና ቀስ እያለ ይጠጣ። ሽንቱ እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ እየሞቀው ላቡ ከቆመ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ቦርሳው ውስጥ ፉሮሴማይድ (ላዚክስም ይባላል) ወይም ሌላ ሽንት የሚያስወጣ ክኒን ካገኙም ዝም አይበሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ፖታሲየም አውጥተው የልብ ምት ሊያዛቡ ይችላሉ፤ በዓለም አቀፉ የፀረ አበረታች መድኃኒት ዝርዝር ውስጥም ምንጊዜም የተከለከሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው። 67.8 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ከስድስት ሳምንት በኋላ በ65 ኪሎ እገጥማለሁ። ሰውነቴን ሳላደርቅ እንዴት ልድረስ? የምገጥመው በጾም ወቅት ነው። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ ሊደረስበት የሚችል ልክ ነው፤ ጊዜም አለህ። 2.8 ኪሎውን ለሁለት ክፈለው። 2.1 ኪሎ በስድስቱ ሳምንት፣ ማለትም በሳምንት 350 ግራም፣ ከስብ ይወርዳል። የቀረው 700 ግራም በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ከአንጀት ውስጥ ይቀንሳል።

በሳምንት 350 ግራም ለመቀነስ በቀን 400 ካሎሪ አካባቢ መጉደል አለበት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ፣ አንድ ብርጭቆ ለስላሳ መጠጥ 140 ካሎሪ ያህል አለው። በቀን ሁለት ማንኪያ ዘይትና አንድ ለስላሳ ከቀነስክ እንጀራውን ብዙም ሳትነካ ሒሳቡ ይሞላል። ፕሮቲን ግን አታጉድል፤ ለአንተ ክብደት በቀን ከ110 እስከ 130 ግራም ይመከራል። በጾም ይህን መሙላት ሥራ ይጠይቃል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ሽሮ፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ባቄላና ለውዝ ሳታቋርጥ በየገበታው ይኑሩ። እስከ ከሰዓት የምትጾም ከሆነ ከባዱን ልምምድ ወደ መብያው ሰዓት አስጠጋው፤ ጠዋት ቴክኒክና ቀላል ሩጫ ይበቃል።

ሁለት ቀን ሲቀረው ነገሩ ይገለበጣል። እስከዚያ የጠቀመህ ምስር፣ ጎመን፣ ቆሎና ጤፍ ገለባቸው ብዙ ስለሆነ አንጀት ውስጥ ይቆያሉ፤ ውሃም ይይዛሉ። በእነሱ ፋንታ ነጭ ሩዝ፣ የተላጠ ድንች፣ ነጭ ዳቦ ብላ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ምግቡን በመለወጥ ፈንታ ምግብም ውሃም ያቆማሉ። ውሃህን እንደወትሮህ ጠጣ፤ ጨው ብቻ አታብዛ። ይህን ለውጥ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ሞክረው፤ የአንተ አንጀት ምን ያህል እንደሚያቀል በቁጥር ታውቀዋለህ።

አማተር የሚመዘነው በሚገጥምበት ቀን ጠዋት ነው፤ ውድድሩ በርካታ ቀናት ከፈጀ በገጠምክ ቁጥር ትመዘናለህ። ሰውነቱን አድርቆ የገባ ሰው አንደኛውን ቀን ቢያልፍ እንኳ ለሁለተኛው እንደገና መድረቅ አለበት፤ በሩብ ፍጻሜ ላይ እግሩ የሚከዳው ለዚህ ነው። አንተ ከሚዛን እንደወረድክ ግማሽ ሊትር ውሃ ከኦአርኤስ (በተቅማጥ ጊዜ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ጋር በጥቂት በጥቂቱ ጠጣ፤ አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ነው፤ አታወፍረው። ከዚያ ሩዝ ወይም ዳቦ ከሙዝ ጋር ብላ፤ ግጥሚያው ሲቃረብ ሆድህ ባዶ ሊመስልህ ይገባል። ዘይት የበዛበትን ምግብ ለማታ አቆየው።

ጥያቄ፦ ቦክሰኛ ሚዛኑን ካለፈ ምን ይደረጋል? (ከጎንደር)

መልስ፦ በአማተር ወሰኑን ያለፈ ከዚያ ውድድር ይወጣል፤ ተጋጣሚው ያልፋል። በፕሮፌሽናል ብዙ ጊዜ ሁለት ሰዓት ያህል ይሰጠውና ድጋሚ ይመዘናል። ካልተሳካ ተጋጣሚው በገንዘብ ተክሶ ሊገጥመው ወይም እምቢ ሊል ይችላል። ቀበቶ ካለበት፣ ሻምፒዮኑ ካለፈ ቀበቶውን እዚያው ሚዛኑ ላይ ይነጠቃል፤ ተፎካካሪው ካለፈ ቢያሸንፍም ቀበቶ አያገኝም። ሪያን ጋርሲያ በ2024 ከዴቨን ሄኒ ጋር ለ140 ፓውንድ ቀበቶ ሊገጥም 143.2 መዘነ። ሄኒን ሦስት ጊዜ ጥሎ በነጥብ ቢያሸንፍም ቀበቶው ከሄኒ አልወጣም። በኋላ በጋርሲያ ናሙና ውስጥ የተከለከለ መድኃኒት ስለተገኘ ውጤቱ ራሱ ተሰረዘ።

ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም። ክሪስ ዩባንክ ጁኒየር በሚያዝያ 2025 ለንደን ላይ ከዌልተር ወደ ላይ ከወጣው ከኮነር ቤን ጋር ሲገጥም የመዘነው 160.05 ፓውንድ ነበር። ወሰኑ 160 ነው። ትርፉ 23 ግራም ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ውሃ። በውሉ መሠረት ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ግጥሚያውን ግን በነጥብ አሸንፏል።

ጥያቄ፦ ጓንቱስ ከሚዛን ጋር ይለወጣል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አዎ፤ ዌልተር ደግሞ ድንበሩ ነው። በፕሮፌሽናል እስከ 147 ፓውንድ ድረስ ባለ 8 አውንስ (227 ግራም) ጓንት ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ባለ 10 አውንስ (284 ግራም)። ሜይዌዘርና ኮነር ማክግሪገር በ2017 በ154 ፓውንድ ሲገጥሙ ባለ 8 ለማድረግ የኔቫዳ ግዛት የቦክስ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንን ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ነበረባቸው። ለልምምድ ፍልሚያ የውድድር ጓንት አትጠቀሙ፤ በዚህ ክብደት ባለ 16 አውንስ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ሚዛን ላይ 64.6፣ ክለብ ውስጥ 65.9 ያሳየኛል። የቱን ልመን? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ሳትፈትን አንዱንም አትመን። መርፌ ያላቸው ትንንሽ የመታጠቢያ ቤት ሚዛኖች ስፕሪንጋቸው ስለሚላላ አንድ ኪሎ መሳት አይከብዳቸውም፤ ወጣ ገባ ባለ አስፋልት ላይ ሲቀመጡ ደግሞ ይብስባቸዋል። ሚዛኑን ጠንካራና ልሙጥ ወለል ላይ አድርግ፤ ምንጣፍ አይሁን። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን ይዘህ ውጣና ቁጥሩን ጻፍ። ከዚያ በሊትር በተለካ 20 ሊትር ውሃ ሙላውና እንደገና ይዘኸው ውጣ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 20 ኪሎ መሆን አለበት። 19.5 ወይም 20.5 ካሳየ ስሕተቱ በአንተ ክብደት ላይ ከዚያ በሦስት እጥፍ ሊሰፋ ይችላል። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙንም እይ።

ለውድድር ስትሄድ ግን የሚቆጠረው የአዘጋጁ ሚዛን ብቻ ነው። ከይፋዊው ሰዓት በፊት መፈተሻ ሚዛን የሚያቀርቡ ውድድሮች አሉ፤ ካለ ማታውኑ ሄደህ ውጣበትና ከክለብህ ሚዛን ጋር ያለውን ልዩነት ያዝ። ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት በኋላ፣ ሳትበላ፣ በውስጥ ሱሪ ብቻ ተመዘን፤ ካለፈው ምሽት 500 ግራም እስከ አንድ ኪሎ ቀሎህ ልትነሳ ትችላለህ።